ሙሾ የማይሸከመው

የዓባይነሽ አፍ የተፈለገው ገና በልጃገረድነቷ ነው። ወይራ አምባ ከመካነ ሰላም በእግር ለግማሽ ቀን ትንሽ የሚጎድል መንገድ ነው፤ ደጋው ድንገት ተቆርጦ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድበት አፋፍ ላይ የተቀመጠ መንደር። እዚያ ሰው ሞቶ ጥሩንባ ሲነፋ፣ ድንኳኑ ሳይተከል፣ መቃብሩ ሳይማስ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ለዓባይነሽ ተነግሯታል?" ተብሎ ነበር። አስለቃሽ ነበረች። እናቷም አስለቃሽ ነበሩ። ከወግዲ ድረስ በቅሎ ተልኮላቸው የሚሄዱ ሴት ነበሩ ይባላል።

እናቷ ግጥም አላስተማሯትም። ግጥም አይማሩትም ይሉ ነበር፣ ወይ ይመጣል ወይ አይመጣም። ያስተማሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙሾ ውሸት አይሸከምም። ንፉጉን ለጋስ ብለሽ ብታለቅሺለት ሰው አፉን ከፍቶ ይቀበልሻል፣ እንባ ግን አይወርድም፤ ስለዚህ በሟቹ ላይ እውነት የሆነውን ፈልጊ፣ ትንሽም ብትሆን አታጪም አሏት።

ዓባይነሽ ይህን ይዛ ኖረች። አንድ ጊዜ ልጆቹ እንኳ የማይወዱት፣ ከሰው ጋር ፊቱን ሳይፈታ ያረጀ ገበሬ ሞተ። ልጆቹ ለወጉ ያህል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፣ ዓይናቸው ደረቅ ነው። ዓባይነሽ ከመሀል ወጣችና ደረቷን አንዴ መታ አድርጋ፣

"ለሰው ያልወጣውን የልቡን ጨዋታ፤
ለበሬው ነገረው ከጧት እስከ ማታ።"

አለች። ሰውዬው እርሻ ላይ ብቻውን ሲሆን በሬዎቹን እያዋየ እንደሚውል ልጆቹ ያውቁ ነበር፤ እስከዚያች ቀን ግን ማንም እንዲህ ብሎ አልነገራቸውም። ትልቁ ልጅ መሬት ላይ ወደቀ። የዓባይነሽ ስም የተተከለው ያን ቀን ነው።

ለራሷ ግን ኑሮ አልቀናትም። ባሏ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ። አንድ ወንድ ልጅ፣ እንዳልካቸውን፣ ትቶላት ሄደ። ሴት ብቻዋን በሬ አትጠምድምና ማሳዋን ወንድሟ ንጉሡ ያርስላት ጀመር። ንጉሡ ታናሿ ነው። ጎረምሳ ሳለ ጀምሮ ሳቁ ከሰውነቱ የሚበልጥ፣ ተቆጥቶም ቶሎ የሚበርድ ሰው ነበር። የእኩል ነው ብሎ ያርስና አዝመራው ሲገባ የሷን ድርሻ አብዝቶ ይሰፍራል። ሚስቱ ሰብሌም አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራ አታውቅም። ሁለቱ ግቢዎች በአንዲት ጠባብ በር ይገናኛሉ፤ በዚያች በር ወንፊት ይሄዳል፣ ፍም ይመጣል፣ የታመመ ይጠየቃል። ሰብሌ የባሏን እህት "እትዬ" እያለች በአንቱታ ነው የምታናግራት።

እንዳልካቸው ትምህርቱን ካቋረጠ በኋላ እንደ እኩዮቹ በባሕር አድርጎ ወደ ሳዑዲ ተሻገረ። ብዙም አልቆየ፣ ተይዞ ተመለሰ። ሲመለስ የያዘው አንድ ፌስታልና አንድ ብርድ ልብስ ነበር። የሄዱት ሁሉ ቆርቆሮ ቤት ሲሠሩ እሱ በእናቱ ሣር ቤት ጥግ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ከጎረቤታቸው ከሀዲያ ልጆች አንዷ ከዚያው አገር በላከችው ገንዘብ ቤት ተሠርቶ፣ ቆርቆሮው ጧት ጧት ፀሐይ ሲያርፍበት የእንዳልካቸውን ዓይን ይወጋዋል። ተመልሼ እሄዳለሁ አለ። ለመሄጃው ገንዘብ ብሎ ከምንጩ አጠገብ ያለችውን የእናቱን ማሳ ለሰው አሳልፎ ሊሰጥ ፈለገ። ዓባይነሽ እንደ እናት አመነታች። ንጉሡ ግን ቁርጡን ነገረው፤ እናትህ በሕይወቷ እያለች ከእግሯ ሥር መሬት አይሳብም፣ እኔ ጋ መጥተህ እረስ፣ በሬውም እጄም አለልህ አለው። ንጉሡ ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም። እንዳልካቸው ግን ሰው ፊት የተዋረደ ሆኖ ተሰማውና ከዚያ ወዲህ አጎቱን ቀና ብሎ አያይም ነበር።

አንድ ቅዳሜ እንዳልካቸው ገበያ ብሎ ወደ መካነ ሰላም ወጣ። ንጉሡ ደግሞ የጠፋች በቅሎ ሊፈልግ በአፋፉ መንገድ ሄደ። በቅሎዋ ራሷ ተመልሳ መጣች፣ ንጉሡ ግን ሳይመለስ ቀረ። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ፈለገው። ያገኘው አሕመድኑር ነው፣ የሀዲያ ባል። ገደሉ ላይ እንደ መደብ ወጣ ያለ ድንጋይ አለ፣ ከዚያ ሥር ወድቆ አየው። በጠፍር ታስሮ ወርዶ አወጣው። ሲያወጡት ንጉሡ ጋቢ አልነበረውም። ብርድ ያለበት ወር ነው፣ ያለ ጋቢ ከቤቱ አልወጣም፤ ነፋስ ወስዶት ይሆናል ተባለ። ጊዜውም መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክ የሚጠፋበት ጊዜ ስለነበር ነገሩ ከመንደሩ የቀብር ማኅበር፣ ከቅሬው፣ አላለፈም። ገበሬ ከገደል ወደቀ፤ ስንቱ ወድቋል።

ሰብሌ ስታብድ ቄሱም አሕመድኑርም አንድ ቃል ነገሯት። ሲወድቅ ነው ያለቀው፣ አልተሰቃየም፣ ምንም አልተሰማውም። እሷም ይህችን ቃል ያዘቻት። ልትጠይቃት የመጣችውን ሴት ሁሉ "አልተሰቃየም እኮ፣ ምንም አልተሰማውም አሉ" ትላታለች፤ ሴቶቹም "ይህም አንድ ነገር ነው" ይሏታል።

ዓባይነሽ በቀብሩ ቀን አፏ አልታዘዝ ብሏት ዋለ። ለሰው ሁሉ ያለቀሰች ሴት ለወንድሟ ድምፅ አጣች። በሰልስቱ ግን ተነሳች። ድንኳኑ ሞልቷል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም መጥቷል። እሷ ጥቂት ካወረደች በኋላ ሰዉ ገለል ገለል እያለ መንገድ ሰጠ። እንዳልካቸው ነበር የገባ። በዕድሜው አንዲት ስንኝ ገጥሞ የማያውቅ ልጅ ነው። ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ፣ መዳፉን እያየ፣

"ጋቢህ በእጄ ቀረ ሰውነትህ የለ፤
ያን ጊዜ ይህ እጄ ምን ነበር ባልዛለ።"

አለ።

ድንኳኑ ተናወጠ። የአስለቃሽ ልጅ አስለቃሽ ነው፣ ደም አይደበቅም አሉ። ጋቢ ያለው የአጎቱን ጥላ ነው፣ ያለበሰውን ነው፣ ብለው ተረጎሙት፤ ግጥሙንም እየተቀባበሉ መላልሰው አለቀሱበት። ዓባይነሽም ከተቀባዮቹ ጋር ግጥሙን በአፏ አለችው። ጆሮዋ የሰማው ከአፏ ኋላ ነው። "ያን ጊዜ" የሚለው ላይ ስትደርስ ግጥሙን ትታ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ሴቶች ከበቧት። ወንድሟን አስታውሳ ነው ብለው ውኃ ሰጧት።

እሷ ተቀምጣ የምታስበው ሌላ ነው። ገጣሚ ምሳሌ ሲያበጅ ታውቃለች፣ ዕድሜዋን ያበጀችው ነው። ምሳሌ ሲሆን "ጋቢህ ቀረብኝ" ይባላል፣ "ብርዱ ገባብኝ" ይባላል። ይህ ልጅ ግን "በእጄ" አለ፣ "ያን ጊዜ" አለ፣ "ዛለ" አለ። ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ክንድ አለው። ግጥም የማይችል ሰው ያየውን ብቻ ነው የሚናገር። ገበያ ውዬ መጣሁ ያለው ልጇ መቼ ነው የንጉሡን ጋቢ በእጁ የያዘው?

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ጧት፣ ከጓሮ ባሕር ዛፍ ሲፈልጥ አገኘችው። ብዙ አልዞረችም።

"ጋቢው የት ነው?" አለችው።

"የቱ ጋቢ?"

"እንዳልካቸው።"

መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተክሎ ቁጭ አለ። ፊቱን ሳያዞር ነገራት። ገበያ አልደረሰም ነበር፣ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ። አፋፉ ላይ ከአጎቱ ጋር ተገናኙ። ያችኑ የማሳዋን ነገር አነሳ። ንጉሡ ዛሬም ያንኑ መለሰለትና ሊያልፍ ሲል ጋቢውን ይዞ ጎተተው። ንጉሡ ከጋቢው ሾልኮ ሲዞር እግሩ የላላ ድንጋይ ረገጠ።

"ገፋኸው?"

"አልገፋሁትም። በእናቴ፣ አልገፋሁትም።"

"ታዲያ ካልገፋኸው እጄ ምነው ባልዛለ ያልኸው ስለ ምንድን ነው?"

"ወዲያው አልወደቀም" አላት። "ከታች ቁጥቋጦ ነበር፣ እሱን ይዞ ቀረ። እንዳልኬ አለኝ። ደግሞ ጠራኝ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፣ አልሰደበኝም። በቁልምጫ ነው የጠራኝ።"

"አንተስ?"

"እጄን ብሰደው ይዞኝ የሚወርድ መሰለኝ።" ከዚያ የእናቱ ፊት ላይ ምን እንዳየ አይታወቅም፣ ጨመረበት። "እሱም ብቻ አይደለም። ከወጣ ለአገሩ ሁሉ ይነግራል ብዬ ነው። ጥዬው ሄድሁ። የድንጋዩን ካብ እስካልፍ ይሰማኝ ነበር።"

ዓባይነሽ አልጮኸችም። የት እንዳለ አሳየኝ አለችው። ጋቢው ከገብስ ጭድ ሥር ተቀብሮ ነበር። ፈትሉን ታውቀዋለች። አምና ክረምቱን ሙሉ ሰብሌ እዚችው ደጅ ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች የፈተለችው ነው፤ ጥጡን ያባዘተችላት ራሷ ዓባይነሽ ነች። ወስዳ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ጥጥ ቶሎ አይነድም፣ ይጨሳል። እየቆሰቆሰች ሳለ ሰብሌ በጠባቧ በር ገብታ፣ እትዬ ምን ይሸታል፣ ምን ነደደብዎ አለቻት።

"ጨርቅ ነው" አለቻት ዓባይነሽ። "አሮጌ ጨርቅ።"

ለምን እንዲህ እንዳደረገች በኋላ ብዙ ጊዜ ራሷን ጠይቃለች። ወንድሟን ስለማትወደው አልነበረም። ወንድሟ ሞቷል፣ ልጇ ግን አለ፤ ያን ጧት የታያት ይኸው ብቻ ነበር። አንድ ሰው ከቀረላት እሱንም በእጇ አሳልፋ መስጠት አልቻለችም።

እንዳልካቸው ጥምቀት ሳይደርስ ሄደ፣ ዳግመኛም በባሕር። ማሳዋን ለዚህ አልሰጠችም፤ ከጓደኞቹ ለምኖ ነው የሄደው። ስንቅ ጋገረችለት፣ እስከ ደጅ ሸኘችው፣ አልሳመችውም። ወራት ቆይቶ ጂዛን ገብቷል፣ ፍየል ይጠብቃል የሚል ወሬ መጣ።

ከዚያ በኋላ ነው መራራው ኑሮ የመጣ። ሰብሌ ባሏን ቀብራ፣ ሐዘኗን ሁሉ ይዛ ወደ ዓባይነሽ ተጠጋች። ልጅዎም ሄደብዎ፣ ወንድምዎም ሞተ፣ ማን አለዎ እያለች ውኃ ትቀዳላታለች፣ እንጨት ታመጣላታለች፣ ለማሳዋ አራሽ የምትፈልግላትም እሷ ሆነች። ዓባይነሽ ተይ ስትላት "ንጉሡ ቢኖር ዝም ብሎ ያይዎት ነበር?" ትላታለች። ዓባይነሽ ውኃውን ትቀበላለች፣ ትጠጣለች።

ሌላም ነገር መጣ፤ የሙሾዋ መለወጥ። ለቅሶ ስትጠራ መቅረት አትችልም፣ ብትቀር ለምን ይባላል። ስትሄድ ደግሞ አፏ እሷ ወደምትፈልገው አይሄድላትም። በወሊድ ለሞተች ሴት ልታለቅስ ቆማ ገደል ይመጣባታል። በሰላም አርጅተው ለሞቱ ቄስ ስታለቅስ ከገደል አፋፍ ላይ አቆመቻቸው። ገደል የሚለውን ቃል መራቅ አለብኝ ብላ ራቀችው፤ በምትኩ አፋፍ መጣ። አፋፍን ስትሸሽ ጠርዝ መጣ፣ ጠርዝን ስትሸሽ ዳር መጣ። ሰውን ሁሉ ከአንድ ነገር ዳር ላይ እያቆመች ማልቀስ ሆነ ሥራዋ። ከሙሾም ውጭ ቢሆን ቃሏ ተበላሸ። "ንጉሡ ሲሞት" አትልም፣ "ንጉሡ የቀረ ጊዜ" ነው የምትል። ከሜዳ አንዱ ሌላውን ሲጣራ፣ የማንም ስም ይሁን፣ የያዘችውን ጥላ ብድግ ትላለች። ያያት ሁሉ የወንድሟ ሐዘን አልወጣላትም ይላል።

አገሩ ግን ወደዳት። እንደ ድሮዋ አይደለችም፣ የዛሬዋስ አጥንት ትሰብራለች አሉ። የሀዲያ ልጅ አህመዲን፣ ባለ ባጃጁ፣ ሙሾዋን በስልኩ እየቀረጸ ለሰው ያጋራው ነበር። አቀስታ ድረስ ይሰሙታል፣ በአረብ አገር ያሉ ሴቶች እየሰሙት ያለቅሳሉ አላት። አንድ ቀን ሀዲያ ከጎኗ ተቀምጣ፣ "አብሽሪ ዓባይነሽ፣ አላህ በሐዘንሽ ልክ አፍሽን ከፈተልሽ" ስትላት ዓባይነሽ ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደች።

ይህ ሁሉ ጥቂት ዓመታት ቆየ። ከዚያ አምባቸው ሞተ። አምባቸው የቅሬው የረጅም ጊዜ ዳኛ የነበረ፣ ደግ ሽማግሌ ነው፤ ለቀስተኛው ከአጅባር ሳይቀር መጣ። ዓባይነሽ ስለ ሟቹ ያላትን አወረደች፣ ጥሩም አወረደች። በኋላ እንደ ወጉ ሁሉም የየራሱን ሟች ማንሳት ሲጀምር ሰብሌ ከአጠገቧ ቆማ ነበር። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ "እትዬ፣ እስቲ ወንድምዎንም ያንሱልኝ" አለቻት። ሰብሌ ስትለምናት እንቢ ማለት አልቻለችም። ዓይኗን ጨፈነች። ገደል እንዳይመጣ ተጠነቀቀች፣ አፋፍም ዳርም እንዳይመጡ ተጠነቀቀች። ባልጠበቀችው በር በኩል ሌላ መጣ።

"ቁጥቋጦውን ይዞ ስም እየተጣራ፤
ሰምቶ ዞሮ ሄደ የሥጋው አደራ።"

ሕዝቡ ተቀበለው፣ ደገመው፣ ሦስተኛም አለው። ዓባይነሽ ዓይኗን ስትገልጥ ሰብሌ ብቻ ደረቷን መምታት አቁማ ቆማለች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። እያየቻት ነው።

ሰብሌ ከለቅሶው በቀጥታ ወደ አሕመድኑር ቤት ነው የሄደች። በዚያን ቀን ወርደህ ያወጣኸው አንተ ነህ፣ እጁ ላይ ምን ነበር ብላ ጠየቀችው። አሕመድኑር መጀመሪያ የማይረባ ነገር ተናገረ። ወላሂ በል ስትለው ግን አቀረቀረ። ንጉሡ መዳፉ ውስጥ የተጨመቀ ቅጠልና የተላጠ ልጥ ይዞ ነበር፤ ጥፍሩም ተነቃቅሏል። ቶሎ እንዳልሞተ ገብቶት ነበር፣ ግን ለአንድ ሚስት ይህ አይነገርም ብሎ እጁን ጠራርጎ፣ መዳፉን ዘግቶ ነው ለሰው ያሳየው።

በነጋታው ሰብሌ በጠባቧ በር ገባች። አልተቀመጠችም።

"ሲጣራ ማን ሰማው?" አለች።

"ሰብሌ፣ ግጥም እኮ ነው።"

"እርስዎ ውሸት አያለቅሱም። አገር የሚያውቀው ነው። ሲጣራ ማን ሰማው?"

ዓባይነሽ ነገረቻት። ሁሉንም፤ የገበያውን፣ የማሳዋን፣ የጋቢውን፣ ንጉሡ በቁልምጫ መጣራቱን። ስትነግራት የተሰማት ነገር ዕረፍት አልነበረም። ሰብሌ እስኪያልቅ ሰማች።

"ጋቢውስ?"

"አቃጠልሁት።"

"ያን ለት፣ የሸተተኝ?"

"አዎ።"

"ጨርቅ ነው አልሽኝ።"

ሰብሌ ወደዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ የባሏን እህት አንቺ ብላ አታውቅም። አሁን ስትላት ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም። "አልተሰቃየም እያልሁ ለሰው ስናገር አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኝ ነበር" አለቻት። "ያችን አንዲት ነገር ይዤ ነበር የምተኛው።" ከዚያም ወጣች።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። በአምባቸው ቦታ አወቀ የሚባል የቅሬ ዳኛ ተመርጧል፣ ጠንቃቃ ሰው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር ተሰበሰቡ። ዓባይነሽ ራሷ ቆማ ተናገረች፤ ልጄ ነው፣ ሲጣራ ሰምቶ ጥሎት ሄደ፣ እኔም አውቄ ሸሸግሁ አለች። ሰዉ ተያየ። ማስረጃ ተጠየቀች። ጋቢው የት አለ? ተቃጥሏል። ያየ ሰው አለ? የለም። አሕመድኑር ያየውን መሰከረ፤ አወቀ ግን የወደቀ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፣ ይህ ሰው ነበረበት አያሰኝም አለ። አንድ ሽማግሌ፣ በለቅሶ ላይ በተባለ ግጥም ሰው ከተፈረደበትማ ማን ይተርፋል ብሎ ፈገግ አለ።

ስለዚህ ልጁን እንጠይቀው ተባለና አህመዲን ወደ ጂዛን ደወለለት። ስልኩ መሬት ላይ፣ ነጠላ ላይ ተቀምጦ ድምፁ ለሁሉም ተለቀቀ። አወቀ ነገሩን በዝግታ አስረዳው። ከወዲያ በኩል ፍየል ሲጮህ ይሰማል። ከዚያ እንዳልካቸው ተናገረ፤ ድምፁ የጨዋ ልጅ ድምፅ ነበር።

"አባቶቼ፣ እናቴን አትፍረዱባት" አለ። "ጋሼ ከሞተ ወዲህ አእምሮዋ ልክ አይደለም። ያኔ እኔ እያለሁም እንዲሁ ነበረች፣ ሌሊት ብቻዋን ታወራ ነበር። ሰው እንዳይሰማብን ብዬ ነው ለማንም ያልተናገርሁ። እባካችሁ ጸበል ውሰዱልኝ።"

ዓባይነሽ ስልኩን አየችው። "እንዳልኬ" አለችው፣ በቁልምጫ። አህመዲን ስልኩን አንስቶ ሲያየው መስመሩ ተቋርጧል።

ለሽማግሌዎቹ ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ። ሴትዮዋን አላወገዟትም፣ እንዲያውም አዘኑላት። አወቀ ራሱ ደግፎ አስነሳትና፣ አይዞሽ፣ እግዜር ይምርሻል፣ ሐዘን የማያደርገው ነገር የለም አላት። ዕድሜዋን ሙሉ እውነት እያለቀሰች ስታስለቅሳቸው አምነዋት የኖሩ ሰዎች፣ ያለ ግጥም በቁሟ የተናገረችውን እውነት አንዱ እንኳ አላመናትም። ያመነቻት አንዲት ሰው ሰብሌ ነበረች፤ እሷም ጉባኤው ሳይበተን ተነስታ ሄዳለች።

ዓባይነሽ ቤቷ ስትደርስ ጠባቧ በር በእሾህ ተዘግታለች። የግራር ቅርንጫፍ እርስ በርሱ ተቆላልፎ፣ ከሥሩ በድንጋይ ተጠብቆ ነበር። ሰብሌ በአንድ ከሰዓት ብቻዋን የሠራችው ነው፤ እጇ ሳይደማ አልቀረም። ዓባይነሽ ወደ ምንጩም ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ለመሄድ ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ዙሪያ ነው የምትዞር። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰብሌ አትሰድባትም፣ ፊቷንም አታዞርም። እንደ ዛፍ ታልፋታለች።

ጸበል ወሰዷት። በጾሙ ሰሞን ሴቶች አጅበው ወሰዷት፣ ከሌሎች በሽተኞች ጋር ተሰልፋ ቀዝቃዛው ውኃ ወረደባት። አጥማቂው ማን ነህ፣ ተናገር እያለ መንፈሱን ይጠይቃል። ሌሎቹ ይጮሃሉ፣ ይንፈራገጣሉ። እሷ ዓባይነሽ ነኝ አለች። ደጋግሞ ጠየቃት፣ ያንኑ መለሰች። ጠንካራ መንፈስ ነው፣ አልወጣ አለ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ለለቅሶ የሚጠራት ጠፋ። የታመመች ሴት ሟች ላይ ብታለቅስ ለቤተሰቡም አይበጅም አሉ። ጥሩንባ ሲነፋ ነጠላዋን ለብሳ ትወጣና ከሴቶቹ ኋላ፣ ከዳር ትቆማለች። መሀል የምትገባው አሁን ሌላ ናት፣ ድምፅዋ የሚያምር ልጅ። ሟቹን ሁሉ አንበሳ ትለዋለች፣ ለጋስ ትለዋለች። ሰዉ ይቀበላታል።

እንዳልካቸው በአህመዲን ስልክ አልፎ አልፎ ይደውላል። በቅርቡም ደውሎ ነበር። ሀዲያ ስልኩን ይዛ መጥታ ሰጠቻትና፣ ሳትሄድ፣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

"እማ፣ ተሻለሽ?" አላት።

ዓባይነሽ ሀዲያን አየቻት።

"ተሻለኝ" አለች።

"ያን ነገር ተውሽው አይደል? አታወሪም አይደል?"

"ተውሁት።"

ከወዲያ በኩል ትንፋሹ ቀለል ሲለው ሰማችው። ስለ ዝናቡ ጠየቃት፣ ስለ ገብሱ ጠየቃት፣ ለሀዲያ ሰላም በይልኝ አላት። እሷም ሰላም አለችለት።